በሸዋ ሮቢት በብርድ የሞተው ሰው

ጥላ ሥር ተቀምጦም ላብ በሚወርድበት ሀገር፣ ሰው በብርድ ሞተ ቢባል ማን ያምናል? ሸዋ ሮቢት ግን አንድ ዓርብ ጧት ይህንኑ አየች፣ ልጆቼ።

የገበሬዎች ማኅበሩ የዘር መጋዘን በጓሮው በኩል አንድ ቀዝቃዛ ክፍል አለው። የሽንኩርት ዘር ሙቀት ስለማይወድ እዚያ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ላይ ያ ክፍል ሲከፈት የማኅበሩ አንጋፋ ገበሬ ጋሽ ሷሊሕ በሩ ሥር ተኮራምተው ተገኙ። ሽርጣቸውን ከወገባቸው ፈትተው ትከሻቸው ላይ ደርበውታል። ጢማቸው አመዳይ ለብሷል። ቀኝ እጃቸው የበር መክፈቻ ካርዳቸውን እንደ ጨበጠ ደርቆ ስለቀረ፣ የሆስፒታሉ ሰዎች ካርዱን ለማስለቀቅ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ መዘርጋት ነበረባቸው።

ኢንስፔክተር አስካለ ከደብረ ሲና ተጠርታ ስትወርድ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሹራቧን ያወለቀችው ገና አርማንያን ሳታልፍ ነው። አጭር፣ ደንዳና፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። አባቷ የቀወት ገበሬ ስለነበሩ ያደገችው ሽንኩርት ስትነቅል ነው።

የጣቢያው አዛዥ ዘላለም በር ላይ ተቀበላት።

«ባትደክሚም ይቻል ነበር፤ ነገሩ አልቋል። ገዳይዋን ይዘናታል።»

«ማን ናት?»

«ነኢማ። የመጋዘኑ ጸሐፊ፣ የሟቹ የወንድም ልጅ። ነገ ሠርጓ ነበር።»

«ያየ ሰው አለ?»

«ከሰው የሚሻል አለ። ማሽኑ።» ከማሽኑ ላይ የወጣውን ወረቀት ዘረጋላት። «ይኸው። ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአምስት፣ ሷሊሕ በካርድ ገቡ። አሥር ከአሥራ ሁለት፣ ነኢማ በጣቷ ማሽኑን ከፍታ የውስጡ ማሽን ካርድም ቁጥርም እንዳይቀበል አደረገች። ማሽን ደግሞ አይዋሽም።»

«አይዋሽም» አለች አስካለ። «የነገሩትን ግን ይደግማል።»

«ለማንኛውም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ብርሃን እልካታለሁ። ዘመዶቿ ጣቢያውን ከበውታል።»

አስካለ ሰዓቷን አይታ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

*

የቀዝቃዛው ክፍል በር ወፍራም ብረት ነው። በውጭ አንድ ማሽን፣ በውስጥ ሌላ ማሽን ተለጥፎበታል። ማሽኖቹን የገጠማቸው ታምራት የሚባል ባለሙያ ሲሆን፣ ከደብረ ብርሃን ተጠርቶ መጥቶ አጠገባቸው ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እስቲ ለገበሬ ልጅ እንደምታስረዳ አድርገህ አስረዳኝ» አለችው።

«ማሽኑ ሦስት ነገር ይቀበላል፣ እትዬ። ጣት፣ ካርድ፣ ወይም ቁጥር። በአንዱ ከታወቁ በሩ ይከፈታል።»

«ሦስት ለምን አስፈለገ?»

«በእሱ ነገር ትልቅ ክርክር ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ በድሩ ጣት ብቻ የሚቀበለውን እንግዛ አሉ። ካርድ ይሰረቃል፣ ቁጥር ይነገራል፣ ጣት ግን አይዋስም ብለው። እኔም ደግፌያቸው ነበር።» ታምራት ራሱን ነቀነቀ። «ጋሽ ሷሊሕ ተነሡና ሁለት እጃቸውን ለስብሰባው ዘረጉ። ‹አርባ ዓመት ሽንኩርት የነቀለ እጅ ነው፤ አሻራ ካገኛችሁበት እስቲ አሳዩኝ! ሽንኩርት የሚለቅሙትን ሴቶች እጅስ አይታችኋል? ይህ ማሽን ከተገዛ የሚገባው እጁ የለሰለሰ ብቻ ነው› አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በሳቸው ቃል ሦስቱንም የሚቀበለው ተገዛ።»

«አቶ በድሩስ?»

«ሳቁ። ሲስቁ ግን ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።»

«ከውስጥ ለመውጣትም ማሽኑ ያስፈልጋል?»

«እኔ እንኳ ከውስጥ ተጭኖ የሚወጣበት ቁልፍ ይደረግ ብዬ ነበር። ሰው ቢዘጋበትስ? አቶ በድሩ ሌባ ይደሰታል ብለው ከለከሉ።»

«የማሽኑን አሠራር መለወጥ የሚችለው ማነው?»

«ሦስት ሰው። እኔ፣ አቶ በድሩ፣ ነኢማ።»

«የውስጡ ማሽን የከለከለውንም ይመዘግባል?»

ታምራት ሌላ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ነው የሚለው። ሷሊሕ፣ ካርድ፣ ተከልክሏል። ሷሊሕ፣ ካርድ፣ ተከልክሏል። በመካከሉ ቁጥር ሞክረዋል፣ ተከልክሏል። ያንን የጠፋ አሻራቸውንም አሥር ጊዜ፣ ምናልባት በየጣታቸው፣ አስነክተዋል፤ አልታወቀም። ከዚያ እንደገና ካርድ። መጀመሪያ በየደቂቃው ነበር፤ እየቆየ ራቅ ራቅ አለ። የመጨረሻው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ ነው። ከታች ድምሩ ተጽፏል፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

አስካለ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ነኢማ የተመዘገበችው በየትኛው ጣቷ ነው?»

«በቀኝ አውራ ጣቷ፣ እኔ ራሴ ነኝ የመዘገብኳት። ግን...» ማሽኑን ነካ ነካ አደረገ። «ትናንት የሠራው ሁለተኛ ጣቷ ነው። ባለፈው ሰኞ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተጨምሯል። እኔ አልጨመርኩም፤ ሰኞ እዚህ አልነበርኩም።»

*

ዘበኛው ጋሽ በላይ ከማንጎ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከጋሽ ሷሊሕ ጋር በሮቢ ወንዝ የውሃ ተራ ተጣልተው ሦስት ዓመት እንዳልተነጋገሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዘላለምም ነኢማን ባያገኝ ኖሮ እሳቸውን ያስር ነበር።

«ትናንት አሥር ሰዓት የት ነበሩ፣ ጋሽ በላይ?»

«መናኸሪያ። አቶ በድሩ ልከውኝ። ለሙሽራዋ ስጦታ ከአዲስ አበባ ይመጣልና ተቀበል አሉኝ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ፣ ወፍም የለ።»

«ከዚያ ተመለሱ?»

«ተመለስኩ።»

«ምን ሰሙ?»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ዱ፣ ዱ ይላል። ይሄ ማቀዝቀዣ አሮጌ ነው፣ ሁልጊዜ ያንኳኳል። ‹አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆንክ!› ብዬ ሰደብኩት። ከዚያ ሬዲዮዬን ከፍ አደረግሁ።»

አስካለ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

*

አቶ በድሩ ቢሮ ውስጥ ለቀብሩ ሲሯሯጥ አገኘችው። የሟቹን መገነዣ ከፈን ራሱ አስገዝቷል፣ ድንኳንም አዟል። ዐይኑ በእንባ ቀልቷል። ወንበር ሳበላት፣ ሻይ አስመጣላት።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ! አባቴ ማለት ነበሩ እኮ። በራሷ አጎት ላይ እንዴት ጨከነች?»

«ለምን የጨከነች ይመስልዎታል?»

«ሱሌይማን ለሚባል ሾፌር አልድርም ብለው ዓመት ሙሉ ከልክለዋታል። ቂም ይዛለች።»

«ዘበኛውስ የት ሄዶ ነበር?»

«ጥሎ ሄደ! መናኸሪያ ምን ሊሠራ እንደሄደ እንጃለት። ከሷሊሕ ጋርም ጠበኛ ነበር፤ ይመርመር።»

አስካለ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ላስቲክ አወጣች። ውስጧ የተጣጠፈ እርጥብ ጨርቅ አለ። ጨርቁን ስትዘረጋው አሥር ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ታዩ።

«ከሟቹ ደረት ኪስ የተገኘ ነው።»

በድሩ አንዴ አየና ዐይኑን አሸሸ። «ጥቁር አዝሙድ ነው። ለሆዳቸው ይቅሙ ነበር፣ አላህ ይማራቸው።»

«ፖሊሶቹም እንደሱ ነው ያሉኝ» አለች። ሻይዋን ሳትነካ ተነሣች።

*

ጣቢያው ውስጥ ነኢማ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የእጅ ብረቱ አንጓዋ ላይ ነው። ከብረቱ በላይ እጇ በሂና ጥለት አጊጧል፤ የጣቶቿ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ በጥቁር ሂና ተነክሮ ከሰል መስሏል። አክስቷ ዘይቱና መዝጊያው ሥር ተቀምጠው ለፖሊሱ ይጮኻሉ።

«ትናንት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እጇን በጨርቅና በፌስታል ያሰርኩት እኔ ነኝ! ውሃ እንኳ ያጠጣኋት እኔ ነኝ!»

«ዘመድ ለዘመድ ቢመሰክር ማን ይሰማል፣ እማማ» አለ ፖሊሱ።

አስካለ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለች። «ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ፣ የኔ እናት?»

«አሊዩ አምባ። ዘመዶች ልጠራ ሄጄ እዚያው አደርኩ። አቶ በድሩ ናቸው ፈቃድ የሰጡኝ።»

«አጎትሽ ሱሌይማንን አልወደዱትም አሉ።»

«ዓመት ሙሉ እንቢ ብለው ነበር። በረመዳን እሺ አሉ። አባት የለኝም፣ እትዬ። ወኪሌ ሆነው ኒካሕ የሚያስሩልኝ እሳቸው ነበሩ። እሳቸውን ገድዬ ማን ይድረኛል?»

አስካለ ወጥታ ወደ አሊዩ አምባ ሁለት ቦታ ደወለች። ከዚያ ዘላለምን ጠራችው።

«ከመላክህ በፊት ሁሉንም መጋዘኑ በር ላይ ሰብስብልኝ። ልጅቷንም ጨምረህ።»

*

ስምንት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ የጣሪያውን ቆርቆሮ ታንጫጫዋለች። በድሩ፣ ታምራት፣ ጋሽ በላይ፣ ዘላለም፣ ነኢማና አክስቷ ከብረቱ በር ፊት ቆሙ። አስካለ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች።

«ጋሽ ሷሊሕን የገደላቸው የዚህን ማሽን ልብ የሚያውቅ ሰው ነው» ብላ ጀመረች። «ካርድና ቁጥር ከተዘጋ የሚቀረው ጣት ነው። ጋሽ ሷሊሕ ደግሞ አሻራ እንደሌላቸው ራሳቸው በስብሰባ መካከል ተናግረዋል። ሌላ ሰው ቢዘጋበት በጣቱ ከፍቶ ይወጣል። እሳቸው ግን ሲያስረዱ የተናገሩት ቃል መሞቻቸው ሆነ። ገዳዩ ቢላዋ አላነሣም፤ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ነክቶ፣ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ቤቱ ገባ።»

«ይህንማ ነገርኩሽ» አለ ዘላለም። «ወረቀቱ ነኢማ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ማሽኑን እንጠይቀው። ብረቱን ፍታላት።»

ነኢማ ቀኝ አውራ ጣቷን አስነካች። ቀይ መብራት። አልታወቀም። ደገመች። አልታወቀም። አሥሩንም ጣቷን ሞከረች፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

«ምን ሆነ?» አለ ዘላለም።

«ሂናው ነው» አለ ታምራት ግንባሩን እየያዘ። «እንዲህ ጠቁሮ ከተነከረ መስተዋቱ የጣቱን መስመር አያየውም። እኔስ እንዴት አላሰብኩትም!»

«አንተም አላሰብክ፣ ገዳዩም አላሰበ» አለች አስካለ። «የሂና ቤት ወንድ አይገባም። ሁላችሁም ከእናታችሁ ጉያ ጀምሮ ሂና ስታዩ አድጋችኋል፤ የሴት እጅ ሲነከር አሻራው ስንት ቀን ተሸፍኖ እንደሚቆይ ግን ማንም አስቦት አያውቅም። ዛሬ ያልታወቀ ጣት፣ ትናንት ሂናው ገና ጭቃ ሆኖ በፌስታል ታስሮ ሳለ እንዴት ታወቀ?»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ዘይቱና። «ስጮኽ ማን ሰማኝ!»

«በነኢማ ስም የተመዘገበው ሁለተኛ ጣት የሌላ ሰው ነው። ሰኞ ስምንት ሰዓት ተኩል ተጨመረ። እሷ ሰኞ አሊዩ አምባ ነበረች፤ ያሳደሯትን ሰዎች አነጋግሬአለሁ። ታምራት፣ እስቲ አሥር ጣትህን።»

ታምራት አስነካ። አውራ ጣቱ ላይ አረንጓዴ በራና ‹ታምራት› አለ። ሌላው ሁሉ ቀይ ነበር።

«ጋሽ በላይ።»

ሽማግሌው የተሰነጣጠቀ እጃቸውን ዘረጉ። ማሽኑ አንዱንም አላወቀም። «እኔንም እንደሱ ነው» አሉ በለሆሳስ። «በሩ እኔም ላይ ቢዘጋ ያው ነበር።»

«አቶ በድሩ።»

«በደስታ» አለና በድሩ ቀረበ። ቀኝ አመልካች ጣቱን አስነካ። አረንጓዴ፤ ‹በድሩ›። ከዚያ በቶሎ በቶሎ፣ ጣቶቹን ከበሮ እንደሚመታ ሰው እያከታተለ አስነክቶ ወደ ኋላው ተመለሰ። «ይኸው። ጨረስኩ።»

አስካለ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ዘጠኝ ቆጠርኩ፣ አቶ በድሩ።»

«ምን?»

«አላህ የሰጠዎት አሥር ነው። የግራዋ ትንሿ ቀረች።»

በድሩ የግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ዘላለም ከኪሱ ጎትቶ አወጣውና፣ ያችን ትንሽ ለስላሳ ጣት ይዞ መስተዋቱ ላይ ጫናት።

አረንጓዴ መብራት በራ። ማሽኑ ላይ ‹ነኢማ› የሚል ስም ወጣ። የበሩ ብረት ቀጭ ብሎ ተላቀቀ፣ ከውስጥ ነጭ ብርድ ወጥቶ እግራቸው ሥር ተነጠፈ።

ነኢማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለምን?» አለ ዘላለም። ድምፁ ልዝብ ሆኗል።

አስካለ ጨርቋን ዘረጋች። «በዚህ። ጥቁር አዝሙድ ነው ተባልኩ። አንዷን ፍሬ ጨፈለቅኋት፤ አዝሙድ ቢሆን ይሸት ነበር። የሽንኩርት ዘር ነው። አባቴ ዘር ሲገዛ እንዲህ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ኪስ ውስጥ ሳምንት ይዞ ይዞር ነበር፤ ይበቅል እንደሆነ ለማየት። ጋሽ ሷሊሕም ይዘው ዞሩ፤ ከአሥሩ አንድም አልበቀለ። ለገበሬው አዲስ ነው ተብሎ የሚታደለውን የዘር ቆርቆሮ የሞተ ዘር ሞልቶታል። አዲሱን ዘር አቶ በድሩ ለሌላ ሸጦታል። ስድስት ዓመት የሽንኩርት ዘር ያስተዳደረ ሰው፣ የሽንኩርትን ዘር አዝሙድ ብሎ ሲጠራ ነው ልቤ የነቃው። ዘበኛውንም አልላኩም ለማለት ቸኮለ፤ እኔ ግን መናኸሪያ መሄዳቸውን አልነገርኩትም ነበር።»

በድሩ ሳቀ። ልጆቼ፣ እንዲያ ያለ ሳቅ አይግጠማችሁ።

«ለጉባኤው እናገራለሁ ብሎ ዛተብኝ። ‹ሐሙስ ሰው ሁሉ ሂና ቤት ነው፤ ና፣ ቆርቆሮዎቹን አብረን እንይ› አልኩት፤ እያመሰገነኝ ገባ። ስብሰባ ላይ እጁን ዘርግቶ ያስጨበጨበብኝ ቀን ነው መንገዱን ያሳየኝ። አሻራ የለኝም እያለ ኮራ! በሩ ላይ ቆሜ ‹እስቲ አሁን አጨብጭቡለት› ብዬዋለሁ።»

«ሰማህ?» አለች ነኢማ። «ሲለምኑህ ሰማህ?»

«ትንሽ።»

ዘይቱና በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ያዙ። ዘላለም ከነኢማ የፈታውን ብረት በድሩ እጅ ላይ አሰረ። ብረቱ ላይ የሂና ቀለም ተጣብቆበት ነበር።

ነኢማ ወደ ክፍሉ ደጃፍ ሄደች። በሩ ከውስጥ በኩል፣ ከማሽኑ ሥር፣ የካርድ ጠርዝ የፈተገው ነጭ ጭረት አለ። የጠቆሩ ጣቶቿን ጭረቱ ላይ አሳረፈች። ወኪሏ ሊድሯት በነበረበት ቅዳሜ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት ቀጥሎ ጀናዛቸው ላይ ይሰገዳል። ሱሌይማን ከአጥሩ ውጭ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃታል፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ሰው ሁሉ ወደ ቀብሩ ሲሄድ ጋሽ በላይ ቀሩ። ዱላቸውን ተደግፈው አስካለ ፊት ቆሙ።

«የኔ እመቤት፣ ያ ባለሙያ ልጅ ማሽኑ ሁሉንም ይመዘግባል አለኝ።»

«አዎ።»

«እኔ ከመጣሁ በኋላም? ሬዲዮውን ከከፈትኩ በኋላም?»

አስካለ ወደ ብረቱ በር ዞር አለች።

«ሷሊሕ ስንት ጊዜ ሞከረ? እውነቱን ንገሪኝ። ያደረግሁትን ልወቀው።»

ወረቀቱ ደረቷ ኪስ ውስጥ ነበር። በሃያ ዓመት ሥራዋ ለምስክር ዋሽታ አታውቅም። የሽማግሌውን እጅ አየች፤ ያንን ማሽኑ ያላወቀውን እጅ።

«እርስዎ ከመጡ በኋላ ሦስቴ ነው» አለች። «ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የሰሙት ማቀዝቀዣው ነው።»

ጋሽ በላይ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሦስት ዓመት ያላነጋገሩትን ሰው ሊቀብሩ፣ በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ ቀስ ብለው ወጡ።